የጫጩትን የላባ ቀለም አስቀድሞ ስለ ማወቅ

(ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬዎችና ለግብርና ልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዶሮ ላባ ቀለም ነው። ከመካከላችሁ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? ቀለሙ ከወጥ ውስጥ አይገባ» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ዶሮዋን ይዛ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ገበያ የወጣች እመቤት የቀለምን ቁም ነገርነት ታውቀዋለች። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ዶሮ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው በቀይ አውራ ዶሮ ላይ ነው። ነጩም ገዢ አያጣም። ጥቁሩ ግን ሥጋው ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይሸጥ ወደ ቤት ይመለሳል። እንግዲህ ቀለም ለገበሬው ቤት የጨው፣ የጋዝና የልጅ ደብተር መግዣ ነው ማለት ነው።

ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ስሕተቱን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ ለትምህርት ይሆናልና።

ከግብርና ኮሌጅ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ በእስቴ በአንድ መንደር ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። አራት ጥቁር እናት ዶሮዎች ነበሯቸው። ዶሮዎቹ ጥሩ ጣዮችና ጥሩ ታቃፊዎች ነበሩ። እኒህ እናት ለፋሲካ አውራ ዶሮዎች ሸጠው የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ልብስ ለመግዛት አሰቡ። አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝና «ልጄ፣ ቀይ አውራ ገዝቼ ባኖር የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ቀይ ይሆናሉን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስለ እናቶቹ ቀለም አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቅ «አዎን፣ አባታቸውን ይመስላሉ» ብዬ መለስሁላቸው።

እርሳቸውም ቃሌን አምነው ከጎተራቸው ገብስ ሸጡና ከገበያ ያማረ ቀይ አውራ ገዙ። የነበራቸውን አውራ አረዱት። ዶሮዎቹ ታቀፉ፤ 23 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ከወሰዱት የተረፉት ሲያድጉ ግን አንድ ስንኳ ቀይ አልተገኘባቸውም። ሁሉም ጥቁር ሆኑ። ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ብቻ በአንገታቸው ላይ ጥቂት ቀይ ላባ ነበረባቸው። በፋሲካ ገበያ ነጋዴው ዋጋውን ጣለባቸው፤ ልብሱም ሳይገዛ ቀረ።

ወሬውን ሰምቼ አፍሬ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እርሳቸው ግን አልተቆጡኝም። ቡና አቅርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ አባታቸው ቀይ ነው። ታዲያ ቀይነቱ የት ገባ?»

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ለርሳቸው የሰጠሁትን መልስ ዛሬ ለእናንተም እሰጣለሁ።

ቀለም እንዴት ይወረሳል?

ጥጃ ከብታችሁን ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ እንደ ሆነ፣ እናቱንም አባቱንም ሳይመስል አያቱን መስሎ የሚወለድ አለ። ይህ በድንገት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን አስቀድሞ ያገኘው ሰው ግሬጎር ሜንደል የተባለ መነኩሴ ነው። ይህ ሰው ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ በተባለ ከተማ በሚገኝ ገዳም ውስጥ ይኖር ነበር። በገዳሙ የአትክልት ቦታም እናንተ በደጋውና በወይና ደጋው የምትዘሩትን አተር ይዘራ ነበር።

ሜንደል ፍሬው ቢጫ የሆነውን አተር ፍሬው አረንጓዴ ከሆነው አተር ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ቢጫ ሆነ፤ አረንጓዴው የጠፋ መሰለ። ይህን የመጀመሪያ ትውልድ እርስ በርሱ አራብቶ ፍሬውን ቢቆጥር 6,022 ቢጫና 2,001 አረንጓዴ አገኘ። የጠፋው አረንጓዴ ተመልሶ መጣ፤ ልኩም ከአራት አንድ ያህል ሆነ። ሥራውንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1866 አሳተመ። ለብዙ ዓመታት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በ1902 ዊልያም ባትሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይኸው ሕግ በዶሮም ላይ እንደሚሠራ ገለጠ።

ሕጉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዶሮ ለአንድ ዓይነት ቀለም ሁለት የዘር ቅንጣት አለው፤ አንዱ ከአባቱ፣ ሌላው ከእናቱ የመጣ ነው። ሊቃውንት ይህን ቅንጣት ዘረ መል ይሉታል። እኛ ግን እዚህ «የቀለም ዘር» እንበለው። ሁለቱ የቀለም ዘሮች የማይመሳሰሉ በሆኑ ጊዜ አንደኛው በላባው ላይ ይታያል፤ ሁለተኛው ተሸፍኖ ይቀመጣል። የሚታየውን «ገዢ»፣ የሚሸፈነውን «ድብቅ» እንበላቸው። ድብቁ አይሞትም፤ አይበላሽምም። ለልጅ ይተላለፋል፤ እንደ ራሱ ካለ ሌላ ድብቅ ጋር በተገናኘ ጊዜም ይገለጣል።

ጥቁር ቀለም በቀይ ላይ ገዢ ነው። ስለዚህ የእስቴዋ እናት ጫጩቶች ከእናታቸው ጥቁሩን፣ ከአባታቸው ቀዩን ወርሰው ነበር። የታየው ጥቁሩ ብቻ ነው። ቀይነቱ ግን በእያንዳንዳቸው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር።

በባቄላ የሚደረግ ማሳያ

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህን ለገበሬዎች በቃል ብቻ ከምትነግሯቸው በእጃቸው ቢሠሩት ይሻላል። ሁለት ጣሳና 40 ባቄላ አዘጋጁ። ባቄላዎቹ መጠናቸው እኩል ይሁን። ሃያውን ባቄላ በጥላሸት አጥቁሩት። በእያንዳንዱ ጣሳ ውስጥ 10 ጥቁርና 10 ያልጠቆረ ጨምሩ። አንዱ ጣሳ አባት፣ ሌላው እናት ነው። ጥቁሩ ባቄላ የጥቁር ቀለም ዘር፣ ያልጠቆረው የቀይ ቀለም ዘር ነው።

አሁን አንድ ሰው ሳያይ ከየጣሳው አንዳንድ ባቄላ ያውጣ። ሁለቱ ባቄላዎች አንድ ጫጩት ናቸው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጥቁር ከሆነ ጫጩቱ ጥቁር ነው። ሁለቱም ያልጠቆሩ ከሆኑ ብቻ ጫጩቱ ቀይ ይሆናል። ጻፉና ባቄላዎቹን ወደየጣሳቸው መልሱ፤ ደግማችሁም አውጡ። አርባ ጊዜ ብታወጡ ወደ ሠላሳ ገደማ ጥቁር፣ ወደ አሥር ገደማ ቀይ ታገኛላችሁ። ልክ ሠላሳና አሥር ላይሆን ይችላል። ስምንት ጊዜ ብቻ ብታወጡ ግን ቀይ ጨርሶ ላይወጣ ወይም አራት ሊወጣ ይችላል። አንዲት ዶሮ ስምንት ጫጩት ብትፈለፍል የሚሆነው እንዲሁ ነው። ስለዚህ በአንድ እቅፍ ብቻ አትፍረዱ፤ የሁለት ሦስት እቅፍ ጫጩቶችን ደምራችሁ ቍጠሩ።

ምን ከምን ጋር ቢዳቀል ምን ይወጣል?

1ኛ/ ጥቁርና ቀይ። ድብቅ የሌለባት ጥቁር እናት ከቀይ አውራ ጋር ብትዳቀል ጫጩቶቹ ሁሉ ጥቁር ይሆናሉ። ወንዶቹ በአንገትና በትከሻ ላይ ቀይ ላባ ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ይህ የድብቁ ምልክት ነው። እነዚህ ጥቁር ልጆች እርስ በርሳቸው ቢዳቀሉ ከአራት ሦስቱ ያህል ጥቁር፣ አንዱ ያህል ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ጥቁሮቹ ልጆች ከሌላ ቀይ አውራ ጋር ቢዳቀሉ ግን ግማሹ ያህል ጥቁር፣ ግማሹ ያህል ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ቀይ ወይም ቡናማ ያልሁት ስለዚህ ነው፤ ጥቁር ካልሆኑት ውስጥ ወንዶቹ ደማቅ ቀይ ሲሆኑ ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናሉ።

2ኛ/ ቀይና ቀይ። ጥቁር ገዢ ስለ ሆነ ከሁለት ቀይ ወላጆች ጥቁር ጫጩት ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም። ከወጣ የጎረቤት አውራ ገብቶበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

3ኛ/ ነጭና ቀይ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ሌግሆርን የተባለው የውጭ አገር ነጭ ዶሮ ነጭነቱ ገዢ ነው። የሌግሆርን አውራ ከቀይ ወይም ከጥቁር የአገር ዶሮ ጋር ቢዳቀል ጫጩቶቹ ነጭ ይሆናሉ፤ በላባቸው ላይ ግን ጥቁር ወይም ቀይማ ነቁጥ ይታያል። ሌላ ዓይነት ነጭ ደግሞ አለ፤ ነጭነቱ ድብቅ ነው። እንዲህ ያለው ነጭ አውራ ባለ ቀለም ከሆነች እናት ጋር ቢዳቀል ነጭ ጫጩት ላይወጣ ይችላል። ከሁለት ቀይ ወላጆች አልፎ አልፎ ነጭ ጫጩት ብቅ ማለቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናቲቱን አትጠርጥሯት፤ አያቶቹ ያወረሱት ነው። ነጭ አውራ ስትገዙ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። የሚለየው በልጆቹ ነው።

4ኛ/ ገብስማ። በአገራችን ገብስማ ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ይጠራበታል። አንዱ ነጭና ጥቁሩ ተደባልቆ ግራጫ የመሰለው ነው። ሌላው በእያንዳንዱ ላባ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር በአግድም ተራ በተራ የሚታይበት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ስለ ባለ መስመሩ ብቻ ነው። የደቡብ አፍሪካው ፖቸፍስትሩም ኮኩክ የተባለው ዝርያ፣ ወደ አገራችንም የገባው፣ ባለ መስመር ነው።

የመስመሩ ዘር ከሌላው የተለየ አወራረስ አለው። በሰውና በከብት የልጅን ጾታ የሚወስነው አባት ነው፤ በዶሮ ግን እናት ናት። የመስመሩም ዘር ከጾታ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ባለ መስመር እናት የመስመሩን ዘር ለወንድ ልጇ ብቻ ታወርሳለች፤ ለሴት ልጇ አታወርስም። ባለ መስመር አባት ግን ለወንድም ለሴትም ያወርሳል።

ከዚህ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ሮድ አይላንድ ሬድ የተባለውን ቀይ አውራ ከባለ መስመር ኮኩክ እናቶች ጋር ብታዳቅሉ፣ ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ዕለት ወንዱን ከሴቷ ትለያላችሁ። ሁሉም ጥቁር ጸጉር ለብሰው ይወጣሉ። በአናቱ ላይ ነጣ ያለ ነቁጥ ያለበት ወንድ ነው፤ ሲያድግም ባለ መስመር ይሆናል። ነቁጥ የሌለባት ሴት ናት፤ ስታድግም ጥቁር ትሆናለች። እንዲህ ከሆነ ለእንቁላል የምታስቀሯቸውን ቄቦችና ለበዓል የምታደልቧቸውን ወንዶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃላችሁ። አገላብጣችሁ ባለ መስመሩን አውራ፣ ቀዮቹን እናቶች ብታደርጓቸው ግን ጫጩቶቹ ሁሉ ባለ መስመር ይሆናሉ፤ በዚህም ምልክት ወንዱን ከሴቷ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ማን አባት፣ ማን እናት እንደ ሆነ ነው። ምልክቱም የሚሠራው ለመጀመሪያው ትውልድ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚገዛት ቦቫንስ ብራውን የተባለች ቡናማ እንቁላል ጣይም ከቀይ አባትና ከነጭ እናት የምትገኝ ድቅል ናት። በተፈለፈሉ ዕለት ቡናማዎቹ ሴቶች፣ ነጮቹ ወንዶች ናቸው። ድቅል በመሆኗ ከአገር አውራ ጋር ብታዳቅሏት ልጆቿ እርስዋን ይመስላሉ ብላችሁ አትጠብቁ። በቀለምም፣ በእንቁላልም ይለያያሉ።

የአባቱን ማንነት ስለ ማረጋገጥ

ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚረዳችሁ የጫጩቱን አባት በእርግጥ ካወቃችሁ ነው። ዶሮዎቻችን ደግሞ ሜዳ ወጥተው ይውላሉ፤ የጎረቤት አውራም ያገኛቸዋል። ከዚህም በላይ እናት ዶሮ የአውራውን ዘር በሆዷ ውስጥ ታስቀምጣለች። አውራው ከተለያት በኋላ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ከርሱ የሆነ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ አዲስ አውራ ባስገባችሁ በሳምንቱ የተጣለው እንቁላል የቀድሞው አውራ ልጅ ሊሆን ይችላል።

መላው እንዲህ ነው። ዶሮዋ ታቅፋ 21 ቀን ስትቀመጥና ከዚያም ጫጩቶቿን ስታሳድግ የቀድሞው አውራ ዘር ከሆዷ ያልቃል። ጫጩቶቿን ልትተውና እንደ ገና እንቁላል ልትጀምር ስትል ከመረጣችሁት አውራ ጋር ለብቻ አጥር ውስጥ አኑሯት። አንድ አውራ ለአሥር ያህል እናቶች ይበቃል። አጥር የማይቻል ከሆነ ጎረቤታሞች ተስማምታችሁ የተመረጠ አንድ አውራ ብቻ አስቀሩ፤ ሌሎቹን ለገበያ አውጡ። እንቁላሉንም በከሰል ምልክት አድርጉበት፤ የየእናቱ ምልክት ይለይ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ በእግራቸው ላይ ቀለሙ የተለያየ ክር እሰሩ። ክሩም እግሩ ሲወፍር እንዳያንቀው በየሳምንቱ እያያችሁ አላሉት።

ድብቅን ስለ መፈተን

አንድ ጥቁር አውራ አለህ እንበል። ድብቅ ቀይ ይኑርበት አይኑርበት ልታውቅ ትፈልጋለህ። ከቀይ እናቶች ጋር ብቻ አዳቅለው። ከልጆቹ አንድ ቀይ ከወጣ ነገሩ አለቀ፤ ድብቅ አለበት። ሰባት ልጆች ተወልደው ሰባቱም ጥቁር ቢሆኑስ? ድብቅ ያለበት አውራ እንዲህ ሊያደርግ የሚችለው ከ128 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ድብቅ የለበትም ብሎ ማመን ይቻላል። ነጩንም አውራ በዚሁ መንገድ ከቀይ እናቶች ጋር ፈትነው። ልጆቹ ሁሉ ነጭ ከሆኑ ነጭነቱ ገዢ ነው፤ ድብቅም የለበትም። ግማሽ ያህሉ ነጭ ከሆኑ ነጭነቱ ገዢ ሆኖ ሌላ ቀለም ደብቋል። አንድም ነጭ ካልወጣ ነጭነቱ ድብቅ ነው።

ጫጩቱ ገና በጸጉር ሳለ ስለ ወደፊት ላባው ለመፍረድ አትቸኩሉ። የአዋቂ ላባውን እስኪለብስ ጠብቁና ያን ጊዜ ጻፉ።

ቀለምን ብቻ ማሳደድ ያለው ጉዳት

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ምክር ልስጣችሁ። ቀለም ለገበያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቀለም እንቁላል አይጥልም፣ አይታቀፍም፣ በሽታንም አይከላከልም። ጥቁር ላም ነጭ ወተት እንደምትሰጥ ሁሉ ጥቁር ዶሮም በእንቁላል ከማንም አታንስም። አውስትራሎርፕ የተባለው የአውስትራልያ ዝርያ ጥቁር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922ና በ1923 በተደረገ ውድድር ስድስት አውስትራሎርፕ ዶሮዎች በ365 ቀን 1,857 እንቁላል ጥለዋል። ይህም ለአንዷ ከ309 በላይ ይደርሳል። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 መሆኑን ስታስቡ ጥቁረት ነውር አለመሆኑ ይገባችኋል።

እንዲሁም ቀይ አውራ ሁሉ የተሻሻለ ዝርያ አይደለም። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን፣ ኒው ሃምፕሻየርና አውስትራሎርፕ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ (ዛሬ ሐረማያ) የግብርና ትምህርት ቤቶች አማካይነት ወደ አገራችን ገብተዋል። ቀይ የአገር አውራዎች ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ። ስለዚህ ነጋዴ ቀለሙን ብቻ አሳይቶ «ይህ ፈረንጅ ነው» ቢላችሁ አትታለሉ፤ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ።

ጥቁር ዶሮዎችን ሁሉ አርዶ ቀዮቹን ብቻ ማስቀረትም ስሕተት ነው። ከጥቁሮቹ ጋር የመታቀፍ ችሎታ፣ ለጫጩት መቆርቆርና ከጭልፊት የመጠንቀቅ ጠባይ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የሌግሆርን ዘር የበዛባት ዶሮ ለመታቀፍ ብዙም አትፈቅድም፤ ማስፈልፈያ መኪና በሌለበት መንደር ይህ ከባድ ጉዳት ነው። በጉና ዙሪያ ባለው ገላጣ ደጋ ደግሞ ነጭ ዶሮ ከሩቅ ስለሚታይ ለጭልፊት ይጋለጣል። በቀይም ሆነ በጥቁር ቤት ፈንግል ከገባ ቀለም አይለይም። ስለዚህ የፈንግልን ክትባት ማስከተብ ከቀለም ሁሉ ይቀድማል።

ስለዚህ የምርጫው ተራ እንዲህ ይሁን። እናቶችን በመጀመሪያ በእንቁላላቸው፣ በመታቀፋቸውና ባሳደጓቸው ጫጩቶች ብዛት ምረጡ። ከተመረጡት መካከል በቀለም ምረጡ። ቀለሙን በአውራው በኩል አምጡት፤ አንድ አውራ የብዙ ጫጩት አባት ነውና። አባትን ከገዛ ልጆቹ ጋር አታዳቅሉ። በየዓመቱ ከሌላ መንደር አውራ ተለዋወጡ።

ለልማት ሠራተኞች

ለየቤቱ አንድ ደብተር ይኑር። ጽሕፈት የሚያውቅ ልጅ ይያዘው። የሚጻፈውም የአባት ቀለም፣ የእናት ቀለም፣ የታቀፈው እንቁላል ብዛት፣ የተፈለፈለው፣ ያደገው፣ ካደገው ውስጥ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና ሌላ፣ እንዲሁም የተሸጠበት ዋጋ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደብተሩ ከእኔ ንግግር ይልቅ ያስተምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ሐሊማ ሐሰን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገር ዶሮዎች ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን ባቀረቡ ጊዜ በየመንደሩ የቀለሙ ዓይነት ብዙ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ብዛት ሀብት ነው። እኛ የምንሠራው ሀብቱን ለማጥፋት ሳይሆን ገበሬው ከሀብቱ የሚፈልገውን አውቆ እንዲያወጣ ለመርዳት ነው። ገበሬ ስለ አውራ ምክር ሲጠይቃችሁም አስቀድማችሁ ወደ ጓሮ ገብታችሁ እናቶቹን እዩ። እኔ ያላደረግሁት ይህን ነው።

የእስቴዋ እናት ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ

ለጥያቄያቸው መልስ ከሰጠሁ በኋላ እንዲህ አልኋቸው፤ «ቀይነቱ በእነዚህ ጥቁር ቄቦች ውስጥ ነው። አይሽጧቸው። ቀዩን አውራዎን ግን ከወንዝ ማዶ ካለ ሰው በሌላ ቀይ አውራ ይለውጡት፤ ከልጆቹ ጋር እንዳይዳቀል። በሚመጣው እቅፍ ግማሽ ያህሉ ጥቁር፣ ግማሽ ያህሉ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል። ልክ ግማሽ ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

ዝም ብለው ተመለከቱኝ። አንድ ጊዜ አሳስቻቸዋለሁና ለማመን ተቸግረው ነበር። በኋላ ግን «የባቄላህን ነገር እስቲ ድገመው» አሉኝ። ጣሳ አመጡ፤ ከልጆቻቸው ጋር ሆነን እስኪመሽ ድረስ ባቄላ አወጣን። በማግሥቱ አውራውን ለወጡት። አምስት ጥቁር ቄቦች አስቀሩ።

በተከታዩ ዓመት ካደጉት 14 ዶሮዎች መካከል 8ቱ ጥቁር፣ 6ቱ ጥቁር ያልሆኑ ነበሩ። ከስድስቱም አራቱ ቀይ አውራዎች ሆኑ። ለፋሲካ ገበያ ወጥተው አራቱንም ሸጡ። ልብሱም በአንድ ዓመት ዘግይቶ ተገዛ። ጥቁሮቹን ቄቦች ግን አልሸጧቸውም። ለምን እንዳስቀሯቸው ብጠይቃቸው «እነርሱ ውስጥ ገና አለ አላልኸኝምን?» አሉኝ።

እናንተም ቀይ አውራ ልትገዙ ወደ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት በቤታችሁ ያሉትን እናቶች ቀለም ተመልከቱ፤ የእናቶቻቸውና የአባቶቻቸው ቀለም ምን እንደ ነበረም አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምትገዙና ምን እንደምትጠብቁ ታውቃላችሁ።